የኦቪሌው መጋቢ

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን ከፈረንሳይ አገር ከመጡት ተሳላሚዎች አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ቀርበው፣ «አባ፣ ሻምፓኝን ያገኘው መነኩሴ ነው ይባላል፤ እውነት ነውን?» ብለው ጠየቁኝ። «እውነት ነው» አልኋቸው። ዶም ፔሪኞን የተባለ ዓይነ ስውር መነኩሴ አረፋ የሚያወጣውን ወይን ድንገት ቀምሶ፣ ከዋክብትን ቀመስሁ እያለ ወንድሞቹን እንደ ጠራ፣ በወጣትነቴ እንደ ሰማሁት አድርጌ ተረክሁላቸው። እርሳቸውም ለልጆቻቸው ሊነግሩ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ኋላ ጉዳዩን ከመጻሕፍት ብመረምር፣ ከትረካዬ እውነት ሆኖ የተገኘው የሰውየው ስምና ምንኵስናው ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ቃሌን ለማረም ነው።

ፒየር ፔሪኞን በቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት የሚኖር መነኩሴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 ከማርን ወንዝ በላይ ባለው ኮረብታ፣ በኦቪሌ ገዳም መጋቢ ሆኖ ተሾመ፤ በ1715 እስኪያርፍም ድረስ ከዚያ አገልግሎት አልተለየም። የገዳሙን የወይን ተክልና ምድር ቤት የሚጠብቀው እርሱ ነበር። የሚመሰገንበትም ሙያ ከልዩ ልዩ ቦታ የተለቀመውን ፍሬ አስማምቶ ማዋሐድ፣ ከጥቁርም ፍሬ ንጹሕ ነጭ ወይን ማውጣት ነው።

አረፋውሳ? አረፋው ለእርሱ ጠላቱ ነበር። የሻምፓኝ አገር ብርዳም ነው፤ ቅዝቃዜው ሲበረታ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ያንቀላፋል፤ ሙቀቱ ሲመለስ እንደ ገና ይነቃል። ወይኑ አስቀድሞ በጠርሙስ ተከድኖ ከሆነ ከፍላቱ የሚወጣው አየር መውጫ ያጣል፤ ጠርሙሱም ይፈነዳል፤ የአንዱ ፍንዳታም አጠገቡ ያሉትን ይሰብራል። ለመጋቢ ይህ ኪሳራ እንጂ ግኝት አይደለም። ደግሞም እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሜሬት፣ ስኳር በመጨመር ወይንን አረፋማ ስለ ማድረግ በለንደን ለሮያል ሶሳይቲ ጽሑፍ ያቀረበው በ1662፣ ፔሪኞን መጋቢ ከመሆኑ 6 ዓመት ቀድሞ ነው።

ተረቱ ያደገው በኋላ ነው። የፈረንሳይ አብዮት መነኮሳቱን ከበተነ በኋላ፣ ከገዳሙ ልጆች አንዱ የነበረው ዶም ግሮሳር በ1821 በጻፈው ደብዳቤ የግኝቱን ክብር ለቀድሞው መጋቢ ሰጠ። እኔ በእርሱ ልፈርድ አልደፍርም፤ ገዳሙ የተዘጋበት ሰው የአባቶቹን ስም ከፍ ከፍ ቢያደርግ ምን ይደንቃል? የከዋክብቱ ንግግር ግን ከገዳም የወጣ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የታተመ የመጠጥ ማስታወቂያ ነው።

መቃብሩ ዛሬም በኦቪሌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይታያል። በላቲን የተቀረጸው ጽሑፍ 47 ዓመት መጋቢ እንደ ነበረ፣ የቤቱን ሀብት በሚያስመሰግን አኳኋን እንዳስተዳደረ፣ ይልቁንም ለድኆች የአባት ፍቅር እንደ ነበረው ይናገራል። እኔም በዕቃ ቤት ያገለገልሁ ስለሆነ ይሆናል፣ ይህን ሳነብ ብዙ ቈየሁ። ያች እናታችን ይህ ጽሑፍ ቢደርሳቸው፣ ቦታው ከኤፔርኔ ከተማ ሩቅ አይደለምና ልጆቻቸውን ይዘው ሄደው ድንጋዩን ቢያሳዩአቸው እወዳለሁ። ስለ ወይን አንድ ቃል የለበትም።