ፎጣ ርስት አይሆንም

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ኅሊናዬን ሲከነክን የዋለውን ነገር ሳልናገር ብቀር ውስጤ እየቆየ ያመረቅዛልና ታገሡኝ። አክስቴን ይዤ በባሕር ላይ እንደምገኝ ታውቃላችሁ፤ ከባልቲሞር ወደብ ተነሥተን፣ የቼሳፒክን ወሽመጥ በሌሊት አልፈን፣ ዛሬ ከሰማይና ከውኃ በቀር ምንም በማይታይበት ውቅያኖስ ላይ ወደ ቤርሙዳ እየተጓዝን ነው። «ባሕር ላይ ተጋድሞ መዋል የሥራ ፈት ልማድ ነው» ይሉ የነበሩትን እኚህን ሴት ለማሳመን ስንት ክረምት እንደ ደከምሁ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ አክስቴ ዳዊታቸውን ደግመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «እስቲ ያንን የምትዪውን የፀሐይ አልጋ አሳዪኝ» ብለው በገዛ ፈቃዳቸው በተነሡ ጊዜ፣ ከደስታዬ ብዛት የምይዘውን የምጨብጠውን አጥቼ ወደ ላይኛው ሰገነት ይዣቸው ወጣሁ። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። በመዋኛው ገንዳ ዙሪያ በረድፍ የተደረደሩት መጋደሚያ ወንበሮች ከዳር እስከ ዳር ተይዘው አገኘናቸው፤ የያዛቸው ግን ሰው ሳይሆን ፎጣ ነበር። በአንዱ ላይ ፎጣና ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ላይ ፎጣና ያልተገለጠ መጽሐፍ፣ በሦስተኛው ላይ ፎጣና የተሟጠጠ የፀሐይ ቅባት፤ በውኃው ውስጥ ያሉት ከጣት ቁጥር የማይበልጡ፣ በወንበሮቹ ላይ የተጋደሙትም ከእነዚያ ያነሱ ሲሆኑ፣ የቀሩት ባለ ፎጣዎች ወይ ቁርስ ላይ ናቸው፣ ወይ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው ተኝተዋል። ጉልበታቸው እስኪዝል ድረስ በአሜሪካ ሆቴሎች የሌላውን ሰው አልጋ ሲያነጥፉ የኖሩት አክስቴ፣ በባሕር መካከል እንኳ ጎናቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው የገንዳውን ብረት ተደግፈው ቆሙ።

አንዱን ፎጣ ላነሣ እጄን ብዘረጋ፣ እጄን ያዙኝ። «ተዪ ልጄ፤ የሰው ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ይመጣል» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «መጻጉዕ ሆንኩልሽ እኮ!» ብለው ከልባቸው ሳቁ፤ እኔም ንዴቴን ረስቼ አብሬያቸው ሳቅሁ። በኋላ ግን ቀልዱ ቀልድ ብቻ ሆኖ አልቀረልኝም። በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ በየዓመቱ የምንሰማው ያ በሽተኛ፣ 38 ዓመት በደዌ ተይዞ፣ በመጠመቂያው ዳር ተኝቶ፣ ውኃው በተናወጠ ቁጥር ሌላው እየቀደመው የቀረው፣ ውኃ አጥቶ አልነበረም፤ ሰው አጥቶ ነበር እንጂ። በዳነም ጊዜ የተኛበትን አልጋ ራሱ ተሸክሞ ስፍራውን ለቆ መሄዱን ልብ በሉልኝ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ስፍራ ሌላ ደካማ ሊተኛበት ይችላል።

ይሁንና ይህ «ባለቤቱ ይመጣል» የሚለው ቃል፣ ከመርከብም ከቅዱስ መጽሐፍም አውጥቶ፣ ወደ ልጅነቴ ሰፈር፣ ወደ አዲስ አበባው የቦኖ ውኃ ሰልፍ ጎትቶ ወሰደኝ። ያንን ሰልፍ የማታውቁት ወጣቶች ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ውኃው መምጫው በማይታወቅበት በዚያ ዘመን፣ ሌሊት ተነሥቶ በሰልፍ የሚቆመው ሰው አልነበረም፤ ጀሪካን ነበር። ክዳኑ የጠፋበት በፌስታል የተወተፈ፣ እጀታው የተሰበረ በገመድ የታሰረ፣ ጎኑ የተቀደደ በሻማ የተደፈነ ጀሪካን፣ ከሩቅ ሲታይ የየትኛዋ እናት እንደ ሆነ ይታወቅ ነበር። ባለቤቲቱ በዚያ ባትቆም ስንፍና አልነበረም፤ አንዷ ምጣድ ጥዳ፣ አንዷ ሕፃኗን እያጠባች፣ አንዷም ለዕለት ጉርስ ወደ ሥራ ስትሮጥ፣ ጀሪካኗ በስሟ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ተራዋ ደርሶ እርሷ ባትደርስ፣ ከኋላዋ ያለችው ጎረቤት ቀድታ ከዳር ታቆምላታለች እንጂ ዘልላት አታልፍም። በወረቀት ያልሰፈረ፣ ማኅተም ያልታተመበት፣ ነገር ግን ብዙ ማኅተም ከታተመባቸው ሕጎች ይልቅ የሚከበር ሥርዓት ነበር፤ መሠረቱም ሁለት ነገር ነው፦ ችግርና መተዋወቅ።

አንድ ጊዜ ግን ከሰፈሩ ደኅና ቤቶች የአንዱ ጌታ፣ ቤቱ በርሜል ሙሉ ውኃ እያለው፣ ምናልባት ነገ ይጠፋ ይሆናል ብሎ፣ ዘበኛውን ልኮ የሰልፉን ግንባር በጀሪካን አስያዘው። ሴቶቹ ሁሉ ሲያጉረመርሙ፣ ከመካከላቸው አንዲቱ ብቻ ወጥተው ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ እያነሡ ከሰልፉ ጭራ ደረደሯቸው፤ ዘበኛው ሊናገር ሲልም «አንተ ምን አደረግህ፣ ታዘህ ነው፤ ለጌታህ ግን የተጠማ ሰው ራሱ ይመጣል ብላሃለች በልልኝ» አሉት። እኚያ ሴት ዛሬ ፎጣ እንዳላነሣ እጄን የያዙኝ አክስቴ ናቸው! እኔ ቀሚሳቸውን ጨብጬ ስመለከት የተሰማኝ ፍርሃትና ኩራት እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ስለዚህ ዛሬ «ያኔ ደፋር የነበሩት ምን ነካዎት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ባንገታቸው ወደ አንድ ወጣት ሠራተኛ አመለከቱኝ። ልጁ ከእስያ ደሴቶች የመጣ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እርጥብ ፎጣ ይሰበስባል፣ ደረቁን ይጠቀልላል። «ፎጣውን ብናነሣው ቁጣው የሚወርደው በማን ላይ ነው? በዚህ ልጅ ላይ አይደለም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በሰገነቱ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ያለ ባለቤት ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ዕቃ እንደሚነሣ በግልጽ ይናገራል፤ ማስታወቂያውን የሚያስፈጽመው ግን ይኸው ልጅ ነው፤ ባለ ፎጣው ተመልሶ ሲመጣ የሚጮኸውም በማስታወቂያው ላይ ሳይሆን በልጁ ላይ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ከሚያስቀምጣቸው መለኪያዎች አንዱ፣ ለመርከብ ሠራተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት፣ በ7 ቀን ውስጥ ከ77 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህ ሕግ ነው፣ መልካምም ነው፤ ነገር ግን ለወራት በሚዘልቀው ውላቸው ውስጥ ሙሉ የሰንበት ቀን የማያገኙ ብዙዎች ናቸው። በኦሪት ሕግ ሰንበት የተሠራው ለጌታው ብቻ ሳይሆን ለአገልጋዩና ለአገልጋይቱ፣ ለበሬውና ለአህያውም ጭምር መሆኑን ሳስብ፣ ለእንግዳው ዕረፍት ሲባል የተሠራ ይህ ተንሳፋፊ ከተማ በማን ድካም ላይ እንደ ቆመ ይታየኛል። አክስቴ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ክፍላችንን የሚያዘጋጀው ልጅ ትናንት ማታ ፎጣ አጣጥፎ ዝሆን ሠርቶ አልጋቸው ላይ ቢያኖርላቸው፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው ሳቁ፤ ዛሬ ጠዋት ግን እርሱ ሳይመጣ አልጋቸውን ራሳቸው አንጥፈው ጠበቁት። ልጁም «እማማ፣ እባክዎ ሥራዬን አይውሰዱብኝ» ቢላቸው፣ ተሳስቀው ታረቁ።

የባሕር ላይ መዋኛ ታሪክ መቼም ከመጀመሪያው የማዕረግ ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 የተጓዘችው ታይታኒክ የባሕር ውኃ የሚሞላ፣ የሞቀ የመዋኛ ገንዳና በምሥራቅ አገር አምሳል ያጌጠ የቱርክ መታጠቢያ ነበራት፤ ሁለቱም ግን ለአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ብቻ የተፈቀዱ ነበሩ። ወደ 700 ለሚሆኑት የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች የተሰጣቸው አንድ ለወንዶች፣ አንድ ለሴቶች፣ በድምሩ ሁለት የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የፊልም ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ያሰማራው ሮቦት ወደዚያ የቱርክ መታጠቢያ በገባ ጊዜ፣ የግድግዳው ጌጥ በባሕሩ ወለል ላይ አብዛኛው ሳይረግፍ ተገኘ፤ ጌጡ የተሠራለት ልዩነት ግን ያለፈ መስሎን ነበር። ዛሬ በመርከባችን ዋና ገንዳ በር ላይ ማዕረግ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ርካሹን ክፍል የያዘችውም ውዱን የያዘውም በአንድ ደረጃ ወጥተው በአንድ ፀሐይ ሊጋደሙ ይችላሉ። ይህን የመሰለ መልካም ነገር፣ ዘመናት ፈጅቶ የተከፈተ በር፣ በአንድ ቁራጭ ፎጣ ሲዘጋ ማየት ያሳዝናል።

«ወንበሩ ስለሚያንስ ነው» የሚል ካለ፣ አይደለም እላለሁ። እርግጥ ነው፣ ከባልቲሞር የሚነሣ መርከብ በቼሳፒክ ወሽመጥ ላይ በተዘረጋው በቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ አለበት፤ ድልድዩ ከውኃው በላይ ያለው ክፍተት 56 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ እንደ ጀመረችው፣ 20 ፎቅና 7 ገንዳ እንዳላት እንደ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ ያሉት ግዙፎች ወደዚያ ወደብ ሊገቡ አይችሉም። እኛ በያዝነው አነስ ያለ መርከብ ላይ ግን ዛሬ ጠዋት ያየሁት የወንበር ማነስ ሳይሆን የባዶ ወንበር ብዛት ነው። እያንዳንዱ «በኋላ አላገኝም» ብሎ ስለሚፈራ ሳያስፈልገው ቀድሞ ይይዛል፤ ሁሉም ቀድሞ ስለሚይዝም በእውነት አይገኝም፤ አለመገኘቱን ያየው ደግሞ በማግሥቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነሣል። እንዲህ ሆኖ ለማረፍ የመጣው ሰው ማረፊያውን ሲጠብቅ ዕረፍቱን ያጣል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ አደባባይ እንደ ወጡ፣ እኔም ዛሬ በሰገነቱ ላይ ቆሜ «ወንበር ለተጋዳሚው!» ብዬ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ አክስቴ ባይኖሩ ኖሮ ምናልባት እጮኽ ነበር።

ከቀትር በኋላ ገንዘብ ከፍዬ ወደ ስፓው ወሰድኋቸው። ወደዚያ የሚያስገባው ፈቃድ የሚሸጠው ለተወሰነ ሰው ብቻ ስለሆነ ስፍራው ጭር ያለ ነው። ሳውናው አለ፣ የእንፋሎት ክፍሉ አለ፣ ባሕሩን በመስታወት የሚያሳዩ፣ ከሥራቸው የሚሞቁ የሸክላ ንጣፍ መጋደሚያዎች አሉ። አክስቴ እንፋሎቱን እንዳዩ «ይኸማ ፍል ውኃ ነው!» አሉ፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውኃው አጠገብ በሰፈሩባት፣ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ከተማ ላደገ ሰው ይህ ነገር ከቶ እንግዳ ሊሆን አይችልም። ከዚያም በሞቀው ንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ፤ ወገባቸውን ይዘው «እሰይ» አሉ፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኚህን ሴት በቀን ተኝተው አይቻቸው አላውቅም ነበርና አጠገባቸው ተቀምጬ እንባዬ መጣ። ደስታ ነበር፤ ቁጭትም ነበረበት። ለሁሉ በነጻ የተሰጠው ማረፊያ በፎጣ ተይዞ፣ በገንዘብ የተሸጠው ባዶውን ጠበቀን። እኔ ስለ ከፈልሁ አክስቴ አረፉ፤ ያልከፈለችው የሌላው ሰው አክስትስ?

ወደ አመሻሹ ነፋስ ተነሣ። የመርከብ ገንዳ እንደ ምድር ገንዳ አይደለም፤ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ያ ሁሉ ክብደት በመርከቡ አናት ላይ ሆኖ፣ መርከቡ ባጋደለ ቁጥር ወዳጋደለበት ወገን ይገሠግሣል፤ ስለዚህ ባሕሩ ሲከፋ ገንዳውን ያፈስሱትና መረብ ያለብሱታል። ይህንኑ ሲያደርጉ ወጥቼ አየሁ። ውኃው የለም፣ ፀሐይዋም የለችም፤ ፎጣዎቹ ግን በየወንበሩ ላይ ነበሩ። ያ ወጣት አንድ በአንድ ሲሰበስባቸው ቆሜ ጠበቅሁ፤ የእኔ ነው ብሎ የመጣ ባለቤት አላየሁም። የጠዋቱ ነገር ሁሉ ለምን እንዳቃጠለኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ አክስቴን ያስቆማቸው የሰው ፍላጎት እንኳ አልነበረም።

በዚህ ክረምት ከባልቲሞር ለመነሣት የተዘጋጃችሁ ወገኖቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ለምረቃም፣ ለልደትም፣ ለማኅበርም የምትሄዱ አላችሁ። እባካችሁ፣ እኛ እንኳ አናድርገው። ለመዋኘት ስትነሡ ፎጣችሁን ተዉት፣ ተገቢ ነው፤ ለቁርስ ስትሄዱ ግን ይዛችሁት ሂዱ። ዕረፍት የደከመ ሰው ርስት ናት እንጂ ቀድሞ የተነሣ ሰው ርስት አይደለችም። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቆመው ብታዩ፣ ከየትም አገር ይምጡ፣ ተነሡላቸው። ፎጣ የሚሰበስበውንም ልጅ አትቆጡት። ጨርሻለሁ።