ባለ ጋሪውና አባቴ

በቅርቡ ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ አንድ የሰፈራችን ወጣት በብብቴ የያዝኩትን መጽሐፍ ዐየና «ጋሼ፣ እርስዎም ልብ ወለድ ያነባሉ እንዴ? ውሸት አይደለም?» ሲል ጠየቀኝ። የጠየቀኝ በአደብ ስለሆነ ቅር አላለኝም። እንዲያውም የገዛ ራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ያወቅኩ መስሎኝ የተናገርኩት ነገር ነበር፤ ያ ንግግሬ ቤታችን ውስጥ ያደረሰውን ጉዳት ያሳየኝ ደግሞ ይኸው «ውሸት» የተባለው ልብ ወለድ ነው። በመስጊድ በር ላይ ቆመው የሚያወሩት ስላልሆነ «ሌላ ቀን፣ ኢንሻአላህ» ብዬው ተለያየን። ውድ አንባቢያን፣ ይኸው ዛሬ ለእርሱም ለእናንተም ልጽፈው ተነሣሁ።

ያደግኩት ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወረድ በነበረው የጭቃ ቤቶች መንደር ነው። ያ መንደር ዛሬ የለም፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በመልሶ ማልማት ፈርሶ የኮንዶሚኒየም ፎቆች ቆመውበታል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከወሎ፣ ከየጁ የመጡ ሲሆን የእግር ሲንገር መኪናቸውን በረንዳ ላይ አስቀምጠው የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሽማግሌ ኮት፣ ለዒድ ሰሞን ደግሞ የልጆች ጀለቢያ ይሰፉ ነበር። ሲሰፉ መንዙማ ያዜማሉ። ጮክ ብለው አይደለም፤ ቀረብ ላላለ ሰው በማይሰማ ድምፅ ነው። እግራቸው ፔዳሉን ሲረግጥ መኪናው ድቤ ይሆንላቸዋል። ክር ሲበጠስ ዜማውም ይቋረጣል፤ ክሩ በመርፌው ቀዳዳ ሲያልፍ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እኛ ልጆቹ ክር መበጠሱን የምናውቀው ከዜማው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ዘመተ። ደብዳቤው በየሁለት ሦስት ወሩ ይደርሰን ነበር። በመጋቢት 1980 ዓ.ም አፍአበት ላይ የሆነው ከሆነ በኋላ ግን አንድም ደብዳቤ አልመጣም። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን አባቴ መኪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ወደ መንገድ ይወጡና በእግራቸው ወደ ከተማ የሚገቡትን ወታደሮች ፊት ፊታቸውን ያዩ ነበር። ስንት ሳምንት እንደዚያ እንዳደረጉ አላስታውስም። አንድ ቀን መውጣቱን ተዉት። በቤታችን ውስጥ የወንድሜ ስም መነሣቱ የቀረውም ያኔ ይመስለኛል። ሞቷል እንዳንል መርዶ የለም፤ አለ እንዳንል ወሬ የለም። ለቅሶ አልተቀመጥን፣ ሶላተል ጋኢብ አልተሰገደ። የቀረው የአባቴ ዜማ ብቻ ነበር፤ እርሱንም እኔ አስተውኳቸው።

እንዴት መሰላችሁ? ከ1983 በኋላ ያሉትን ዓመታት የኖራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሃይማኖታዊ መጽሐፍና መጽሔት በአማርኛ እንደ ልብ መታተም የጀመረበት፣ ወጣቱ በየመስጊዱ ደርስ የሚሻማበት ጊዜ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። እኔም ከተሻሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። ችግሩ ጥቂት ባወቅኩ ቁጥር ብዙ ያወቅኩ ይመስለኝ ነበር። የሱረቱ ሹዐራእን መጨረሻ፣ ገጣሚዎች የሚወቀሱበትን ቦታ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አባቴ እየሰፉ ሲያዜሙ፣ ያውም ደንበኞች ቆመው ባሉበት፣ «አባባ፣ ይህ ቢድዓ ነው፤ ይተዉት!» አልኳቸው። ቀና ብለው ዐዩኝ። ክር እንደተበጠሰባቸው ሁሉ ዜማው ቆመ። ከዚያን ቀን ወዲያ በረንዳው ላይ የሚሰማው የመኪናው ድምፅ ብቻ ሆነ።

ስለ መንዙማ ሑክም ለመናገር አልተነሣሁም፤ እርሱን ለዑለሞች እተዋለሁ። የእኔ ነገር ሌላ ነው። የሱራውን ወቃሽ አንቀጾች ስሸመድድ ከእነርሱ ቀጥሎ ያለውን፣ ያመኑትን፣ መልካም የሠሩትንና አላህን አብዝተው ያወሱትን ከወቀሳው የሚያወጣውን አንቀጽ ልብ አላልኩትም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐሳን ኢብኑ ሳቢትን በግጥሙ እንዲከላከልላቸው ማዘዛቸውን፣ ገጣሚዋ ኸንሳእ ግጥሟን ስታሰማቸው ደስ ብሏቸው ይሰሟት እንደነበረ መዘገቡንም ገና አላነበብኩም። አባትን በሰው ፊት እንዴት እንደሚናገሩት ግን ተምሬዋለሁ፤ ስንት ደርስ ላይ ሰምቼዋለሁ።

አስገራሚው ነገር እኔው ራሴ የግጥምና የልብ ወለድ ሱሰኛ መሆኔ ነው። ቀን አባቴን ገሥጬ ማታ ከብርድ ልብሴ ሥር በባትሪ አነባለሁ። በ1949 ዓ.ም የታተመውን የታደሰ ሊበንን «መስከረም» ከጓደኛዬ ተውሼ ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ከአማርኛ የአጫጭር ልብ ወለድ መድበሎች ፈር ቀዳጅ በሆነው በዚህ መጽሐፍ የአዲስ አበባ ሰው በአሮጌውና በአዲሱ ኑሮ መካከል ሲዋልል እያየሁ «ይህማ የእኛ ሰፈር ነው» እል ነበር። ትምህርት ቤት የሰጠኝን «ሥነ ጽሑፍ» ብዬ አከብራለሁ፤ ከአባቴ አፍ የሚወጣውን ግን አንድ ቀን እንኳ ሥነ ጽሑፍ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።

አንድ ቀን ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ የአጫጭር ታሪኮች መድበል ገዛሁ። ከውስጡ አንዱ የሩሲያዊው የአንቶን ቼኾቭ ነበር። ቼኾቭ ሙያው ሕክምና ነው፤ ይህ ታሪኩ በ1886 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ገና የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበር። ርዕሱን በእኛ አፍ «ሐዘን» ልንለው እንችላለን።

ኢዮና የሚባል ሽማግሌ ባለ ጋሪ አለ። ማታ ነው፣ በረዶ ይጥላል። እርሱም ባዝራውም ነጭ እስኪሆኑ በረዶ ለብሰው ደንበኛ ይጠብቃሉ። ወንድ ልጁ በዚያው ሳምንት ሞቶበታል። አንድ የጦር መኮንን ይሳፈራል። ኢዮና ዘወር ብሎ ልጄ ሞተብኝ ይለዋል። መኮንኑ በምን ሞተ ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሳያስጨርስ ቶሎ ንዳ ብሎት ዐይኑን ይጨፍናል። ቀጥሎ ሦስት ጎረምሶች በሃያ ኮፔክ ተስማምተው ይሳፈራሉ፤ ይሰድቡታል፣ ማጅራቱን ይመቱታል። ለእነርሱም ይነግራቸዋል። ሁሉም ሟች ነው ብለው ያልፉታል። አንድ ዘበኛ ያገኝና ወሬ ሊጀምር ሲል ዘበኛው ከዚህ ሂድ ይለዋል። ማደሪያው ሲገባ ውኃ ሊጠጣ የተነሣ ወጣት ባለ ጋሪ አለ። ኢዮና የልጁን ነገር ይጀምርለታል፤ ዞር ብሎ ሲያየው ግን ወጣቱ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። በመጨረሻ በረት ይገባና ድርቆሽ ለምትበላው ባዝራው ሁሉን ነገር ይነግራታል። ታሪኩ አለቀ። ጥቂት ገጾች ናቸው። ኢዮና የሚባል ሰው በምድር ላይ ኖሮ አያውቅ ይሆናል፤ ጸሐፊውም ኖሯል ብሎ አልማለም።

መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ ተማሪ ነው፤ የጸሐፊውን ብልሃት እያደነቅኩ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ወጣቱ ባለ ጋሪ ጋ ደረስኩና ቆምኩ። ያ ተሸፋፍኖ የተኛው እኔ ነበርኩ። ብርድ ልብሱ እንኳ አልቀረም። ውጭ በረንዳው ላይ የአባቴ መኪና ይሰማል። ሌላ ድምፅ የለም።

በማግስቱ ሱረቱ ዩሱፍን ከፈትኩ። ቁርአን ራሱ ታሪክ እንደሚተርክ፣ ይህንንም ሱራ ባማሩ ታሪኮች ስም እንደሚጀምረው አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ቀርቼዋለሁ! ልቤ ሁልጊዜ የሚሄደው ግን ከዩሱፍ ጋር ነበር፤ ከጉድጓድ ወደ ግብጽ፣ ከእስር ቤት ወደ ሹመት። ያን ቀን ከአባትየው ጋር እቤት ቀረሁ። ነብዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ዐይናቸው በሐዘን እስኪነጣ ድረስ የጠፋ ልጃቸውን ያስታውሳሉ። አጠገባቸው ያሉት ልጆቻቸው ደግሞ ይህን ማስታወስ እስክትጎዳ ድረስ አትተወውም እያሉ ይወቅሷቸዋል። እርሳቸውም ሐዘናቸውን የሚያሰሙት ለአላህ ብቻ መሆኑን ይነግሯቸዋል። ለካ እኔ ከወቃሾቹ ልጆች ወገን ኖሬያለሁ! ባለ ጋሪው የሚሰማው ፈልጎ አጣ፤ ያዕቁብ ግን ሰሚያቸውን ያውቃሉ። አባቴስ? አባቴ መኪናቸው ላይ አጎንብሰው ለማን ሲናገሩ ነበር የኖሩት?

ጥቂት ቀናት እንዴት እንደምጀምር ስፈራ ስቸር ቆየሁ። ልጅ አባቱን ይቅርታ መጠየቅ በቤታችን የተለመደ አልነበረም፤ ይሉኝታው ያንቃል። በመጨረሻ አንድ ቀን ከዒሻ በኋላ አባቴ የኮት ቁልፍ በእጃቸው ሲተክሉ አጠገባቸው ተቀመጥኩና «አባባ፣ አንድ ታሪክ ላውጋዎት?» አልኳቸው።

«አውጋኝ» አሉ፣ ከመርፌያቸው ሳይነሡ።

የኢዮናን ነገር እንደ ተረት አድርጌ ነገርኳቸው። የበረዶው ነገር አስቸግሮኝ «ሰማዩ ጥጥ የሚጥል ነው የሚመስለው» አልኩ። ጎረምሶቹ ሽማግሌውን ሲመቱት «አዑዙ ቢላህ!» አሉ። በረቱ ጋ ስደርስ እጃቸው ቆመ።

«ሌላ ልጅ አልነበረውም?»

«ሴት ልጅ ነበረችው። ገጠር ናት።»

«ታዲያ ለፈረስ ከሚነግር ወደ እሷ አይሄድም ነበር?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ቼኾቭም ያለው አይመስለኝም። ጥቂት ቆይቼ «ምናልባት ልጅቱ አንድ ቀን ዝም በል ብላው ይሆናል» አልኩ።

አባቴ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ኮቱን አጣጥፈው አስቀመጡ። «አላወቀች ይሆናላ፤ ልጅ ናት» አሉ።

ከዚያ ተነሥተው ጓዳ ገቡና ከሳጥናቸው አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ጥቁር ደብተር ይዘው መጡ። ደብተሩን አውቀዋለሁ። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ የምነካው በውዱእ ነበር፤ ውስጡ ያለውን ግን አንብቤው አላውቅም። ዐረብኛዬ ከቁርአን ንባብ አያልፍም። «ዐይኔ ደክሟል፤ እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ፊደል፣ ሦስት ፊደል አያያዝኩ። ከማውቃቸው የዐረብኛ ቃላት አንዱም አልመጣልኝም። እንደገና ሞከርኩ። «ድምፅህን አውጣው እንጂ!» አሉ። ድምፄን አውጥቼ ሳነበው ከአፌ የወጣው አማርኛ ነበር። ቤት የሚመታ፣ የሚዜም፣ የወሎ አማርኛ! ዐረብኛ ለሌለው ድምፅ አባቴ በፊደሉ ላይ ነጥብ እየጨመሩ ጽፈውታል። በባትሪ ብርሃን የአማርኛ ግጥም ፍለጋ ያደርኩት ሰውዬ፣ ሦስት እርምጃ ርቆ ሳጥን ውስጥ ሙሉ ደብተር የአማርኛ ግጥም ነበረኝ።

ያን ሌሊት የነገሩኝንና ኋላ በመጻሕፍት ያነበብኩትን ላጫውታችሁ። የወሎ ዑለሞች ዐረብኛ የማያውቀው ገበሬና እናቶች ዲናቸውን እንዲሰሙት በማለት በአማርኛ ይገጥሙ፣ በቁርአን ፊደልም ይጽፉት ነበር፤ «ዐጀም» የሚሉት ይህን ነው። ከስመ ጥሮቹ መካከል እዚያው በአባቴ አገር በየጁ ያስተማሩት የዳናው ሼኽ አሕመድ (በ1903 እ.ኤ.አ. ያለፉት) ይገኛሉ። ሌላው ሼኽ ጦልሐ ኢብኑ ጃዕፈር ናቸው። ከ1870 ዓ.ም የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በታዘዘ ጊዜ ሼኽ ጦልሐ ትእዛዙን የተቋቋሙት በጦርም በግጥምም ነው። አባቴ እነዚህን ግጥሞች በልጅነታቸው ሐድራ ላይ እየሰሙ በቃል ያዟቸው፤ አዲስ አበባ ሲመጡ እንዳይጠፉባቸው በደብተር አሰፈሯቸው።

ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ስደርስ ቀለሙ ተለወጠ። ከጥቁር ወደ ሰማያዊ እስክሪብቶ። እዚያ ያለው የሼኾቹ አልነበረም። የወንድሜ ስም አለበት፤ በየሦስት አራት ስንኙ ይመለሳል። አባቴ ለካ መውጣቱን ከተዉ በኋላ ይጽፉ ኖረዋል፤ ሲሰፉም የሚያዜሙት ይህንኑ ነበር። ስንኞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ የእርሳቸው ናቸው። የሚለምኑት ግን ሁለት ነገር መሆኑን ልንገራችሁ፤ በሕይወት ካለ እንዲመልሰው፣ ሞቶ ከሆነ መቃብሩን እንዲያሰፋለት። አባቴም በ1990ዎቹ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ደብተሩ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ቤቱ ሲፈርስ በእጄ ይዤው የወጣሁት እርሱን ነው፤ ሌላው ዕቃ በመኪና ተጫነ።

ያን ሌሊት ግን ማንበቤን ጨርሼ ቀና ስል አባቴ ምንም አላሉኝም። እኔም ይቅርታ የሚለውን ቃል አላወጣሁትም። በማግስቱ ከዐስር በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥሩ ጋ ቆም አልኩ። መኪናው ይሄዳል። ከመኪናው ድምፅ ሥር ያ ዜማ አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ። እናቴ ጀበናውን እንደያዙ ከማድቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። እኔን ሲያዩኝ በጣታቸው ዝም በል አሉኝና በርጩማ ስበው ተቀመጡ።