412 ክፍሎችና አንድ መደርደሪያ

ስለ ትዳር ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የገንዘብ፣ የአማት ወይም የመጠጥ ነገር ነው። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ አንድ የዕቃ መደርደሪያ ነው። ምናልባት “ይህም ቁም ነገር ሆኖ ይጻፋል?” ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚሁ እል ስለነበር ነው አምስት ዓመት የፈጀብኝ።

የምንኖረው ቀበና ነው፤ ከወንዙ ብዙም ሳንርቅ፣ በኪራይ በያዝነው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት። ክረምት ሲመጣ ከእንጦጦ የሚወርደው ውኃ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ይሰማናል። ማድ ቤታችን ጠባብ ነው። ባለቤቴ ሰሃኖቿንና ብርጭቆዎቿን የምታስቀምጠው መሬት ላይ ባለ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ነበር። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ልጃችን መዳህ ስትጀምር፣ “እባክህ አንዲት መደርደሪያ ግድግዳው ላይ ስቀልልኝ፤ ይህቺ ልጅ አንድ ቀን ብርጭቆ ሰብራ እጇን ትቆርጣለች” አለችኝ። “እሺ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ” አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስንት ቅዳሜ እንዳለፈ እናንተው ቁጠሩት።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ገባ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሥራዬን ከቤት እንድሠራ ተነገረኝ፤ የእሑድ አምልኳችንም በየቤታችን ሆነ። በዚያ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስልክ የሚጫወቱትን ጌም አሳየኝ። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ጨዋታው ቤት የማስዋብ ውድድር ነው። ባዶ ክፍል ይሰጣችኋል። የክፍሉ ባለቤት ማን እንደሆነና ምን እንደሚወድ በጥቂት ቃላት ይነገራችኋል። እናንተም ሶፋውን፣ ምንጣፉን፣ መብራቱንና የግድግዳ ሥዕሉን መርጣችሁ ትልካላችሁ። ከዚያ በየአገሩ ያሉ ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ክፍል ጎን ለጎን እየቀረበላቸው የወደዱትን ይመርጣሉ። በማግስቱ ውጤታችሁ ከ5 ኮከብ ተሰልቶ ይመጣል።

የመጀመሪያው ክፍሌ 3.6 አገኘ። ተናደድኩ። ሁለተኛው 4.1 ሆነ። ከዚያ ወዲያ መተው አልቻልኩም።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር በእኔ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊንደን ላብ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሰከንድ ላይፍ የተሰኘ ምናባዊ ዓለም ከፍቶ ነበር። በዚያ ሰዎች መሬት ይገዛሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ ማንም አካሉን የማያሳርፍበትን ወንበር ይሸጣሉ፤ የዚያ ዓለም ገንዘብም በእውነተኛ ዶላር ይመነዘራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ኢኬያ የተባለው የስዊድን የቤት ዕቃ ድርጅት ዕቃዎቹ ዘ ሲምስ 2 በተሰኘው ጌም ውስጥ እንዲገቡ አድርጓል። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን የዘ ሲምስ ፈጣሪ የዊል ራይት ታሪክ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ በተነሣው ታላቅ የእሳት አደጋ ቤቱን አጣ። ኑሮውን እንደገና ሲያደራጅ፣ ለሰው ልጅ ኑሮ በእርግጥ የሚያስፈልገው ዕቃ ምን እንደሆነ ማሰብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2000 ለወጣው ጌም አንዱ መነሻ ይህ ነበር። ልብ በሉ፤ እርሱ ከተቃጠለ ቤቱ ተነሥቶ ወደ ጌም ሄደ። እኔ ግን ወደ ጌሙ የሄድኩት የቆመ ቤት እያለኝ፣ እርሱን ላለማየት ነበር።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። የዕለቱ ውድድር ማድ ቤት ነበር። ውጤቱ መጣ፤ 4.8! ደስታዬን የማካፍለው ሰው ስላጣሁ ስልኩን ይዤ ወደ ባለቤቴ ሄድኩ። እጇን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ ተቀበለችኝ።

“ይህ ማድ ቤት የማን ነው?” አለችኝ።

“የማንም አይደለም፤ ውድድር ነው።”

ረጅም ጊዜ አየችው። “እንዴት ያምራል! መደርደሪያውን እየው እስቲ። መሬት ላይ አንድም ዕቃ የለም።”

እመኑኝ፣ ስላቅ አልነበረበትም። ከልቧ አድንቃ ስልኩን መለሰችልኝ። ከዚያም ጎንበስ ብላ፣ ጣራው የሚያፈስበት ቦታ ላይ የነበረውን ሰማያዊ ሳፋ ወደ ጥግ ሳበችና በጨርቅ ሸፈነችው። ብትቆጣኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ፤ ገንዘብ የለም፣ ጊዜ የለም እላት ነበር። ለአድናቆቷ ግን መልስ አጣሁ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያስዋብኳቸውን ክፍሎች ቆጠርኩ። 412 ነበሩ። የባሕር ዳርቻ ሳሎኖች፣ ሰፋፊ መኝታ ቤቶች፣ ምድጃቸው እሳት ነክቶት የማያውቅ ማድ ቤቶች። ሁሉንም አንድ በአንድ አየኋቸው፤ በአንዱም ውስጥ ሰው የለም። የሚበላበት፣ የሚታመምበት፣ እንግዳ የሚቀበልበት ማንም የለም። ረከቦት የለበት፣ መሶብ የለበት። ኮከብ የሰጡኝ ሰዎችም የእኔን ቤት ደጃፍ አያውቁትም። የእኔን ቤት የምታውቀው አንዲት ሴት ናት፤ እርሷ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ የጠየቀችኝ አንድ ጣውላ ነው።

ለምን ሳልሠራው ቀረሁ? እውነቱን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ቤቱ የእኔ አይደለም፤ “ዛሬ ነገ ለምንለቀው ቤት ምን ያደክመኛል?” እል ነበር። ሁለተኛ፣ አናጢነት አላውቅም፤ አጣምሜ ሠርቼ በሚስቴ ፊት ማፈር አልፈለግሁም። በጌሙ ውስጥ የተበላሸ ነገር ወዲያው ይታረማል፤ ግድግዳ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ግን ይታያል።

በዚያው ሰሞን የቤት ለቤት ጥናታችን ነህምያ ምዕራፍ 3 ላይ ደርሶ ነበር። ብዙዎቻችን የስም ዝርዝር ብቻ መስሎን የምናልፈው ምዕራፍ ነው። እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲጠገን ብዙዎቹ የሠሩት በገዛ ቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ነው። ከሠራተኞቹም መካከል ወርቅ አንጥረኛ አለ፣ ሽቶ ቀማሚ አለ፣ ከሴት ልጆቹ ጋር የወጣም አባት አለ። ግንብ መሥራት ሙያቸው አልነበረም። “ታዲያ የሒሳብ ሠራተኛ ለምን ይቀራል?” አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጣውላ፣ የብረት መያዣና ብሎን ገዝቼ ገባሁ። ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ሜትሩን ያዘችልኝ። የጭቃ ግድግዳን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ብሎን በጭቃው ላይ ብቻ ከተያዘ ይፈረፈርና ይወድቃል። ውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት ማግኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ ግድግዳውን በጣታችን እያንኳኳን፣ ጆሯችንን እየለጠፍን መፈለግ ጀመርን። “እዚህ ጋ ድምፁ ተለወጠ” አለች ልጃችን፤ ቀድማን ያገኘችው እርሷ ነበረች። የባሕር ዛፍ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን የሸፈነው ዛፍ፣ የእኛንም ቤት ውስጥ ውስጡን ደግፎ ይዞ ኖሯል።

መደርደሪያው ወደ ግራ ትንሽ ያጋደለ ሆኖ ተሠራ። ኮከብ ብትሰጡት ከ2 አያልፍም። ባለቤቴ ግን ሰሃኖቹን ደርድራ ስትጨርስ ሰማያዊውን ሳፋ አንሥታ ወደ ውጭ አወጣችው። ከዚያ መለስ ብላ መሬቱን አየችው። ያን ፊቷን ለማየት አምስት ዓመት አዘግይቻታለሁ።

ጌሙን ከስልኬ አላጠፋሁትም። ጨዋታ ሁሉ ኃጢአት ነው ልላችሁም አልተነሣሁም። አንድ ምሽት ግን ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠኋትና “አንቺ አስውቢው” አልኳት። ሶፋውን ትታ መስኮቱ ሥር ሁለት ወንበር ብቻ አስቀመጠች። “ለምን?” ስላት፣ “ቡና ስንጠጣ ፊት ለፊት እንድንተያይ” አለችኝ። ክፍሉ 3.2 አገኘ። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬ ያላወቅሁትን ነገር አወቅሁ። አሁን የእኛም ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ናቸው።

ውድ ባለትዳሮች፣ የእናንተ ጌም ከእኔ የተለየ ሊሆን ይችላል። ለአንዳንዶቻችን ኳስ ነው፤ ለአንዳንዶቻችን ንግድ ነው፤ ለአንዳንዶቻችን ሰው ሁሉ የሚያመሰግነን የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንኳ ሊሆን ይችላል። እስቲ ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የትዳር አጋራችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ “ደጋግመሽ ለምነሽኝ፣ ኋላ መጠየቅ የተውሽው ነገር ምንድን ነው?” ሚስትም ባሏን እንዲሁ ትጠይቀው። መልሱን ስትሰሙ ምክንያት አትደርድሩ። ትንሽ ነገር ከሆነ በዚሁ ሳምንት አድርጉት። አቅም የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ቀን ቁረጡለት፤ ቀኑንም አብራችሁ ጻፉት።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በወንዙ ዳር በተጀመረው ልማት ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ሌላ ሠፈር ሄደዋል። የእኛም ቤት ነገ ምን እንደሚሆን አናውቅም። ባለቤቴ በቀደም ዕለት መደርደሪያውን እየወለወለች “ስንለቅ ይህስ?” ብላ ጠየቀችኝ። “በብሎን ነው የተያዘው፤ ፈትተን ይዘነው እንሄዳለን” አልኳት።