ፓምፑን በናፍጣ ያጠብንበት ቀን

የመስኖ ሰሞን ስለሆነ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ባብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «የውሃ ፓምፔ ጉልበቱ ቀነሰ፣ ዘይቱም ጠቁሯል፣ ውስጡን በናፍጣ ባጥበው ይሻለው ይሆን?» ለአንዳንዶቻችሁ «እንዳታደርጉት» ብዬ ባጭሩ መልሻለሁ። ምክንያቱን ግን አልጻፍኩም። የራሴ ጥፋት ስላለበት ከብዶኝ ነው። ዛሬ ልንገራችሁ።

ያኔ የምሠራው ፎገራ ውስጥ፣ ጉማራ ወንዝ አካባቢ ነበር። አንድ አባት በሁለት ቃዳ መሬት ላይ ቀይ ሽንኩርት ተክለው ነበር። ውሃ የሚስቡት 5.5 የፈረስ ጉልበት ባለው የቤንዚን ፓምፕ ነው፤ እናንተም አብዛኞቻችሁ የምታውቁት ዓይነት። ወሩ የካቲት ነው፣ ሽንኩርቱ ኳስ መያዝ ጀምሯል። የሽንኩርት ሥር ጥልቅ እንደማይሄድ ደጋግሜ ጽፌላችኋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ውሃ ከተቋረጠበት የጠፋው አይመለስም።

እኔ የሄድኩት በሽታ ለማየት ነበር። ማሳውን ዞሬ ስጨርስ «እስቲ ይህችንም ሞተር እያት፣ ደከመች» አሉኝ። የዘይቱን ክዳን ፈትቼ ባየው ሬንጅ ይመስላል።

«አባቴ፣ ዘይቱን መቼ ነው የቀየሩት?»

«ሲጎድል እጨምርበታለሁ እንጂ ቀይሬውስ አላውቅም።»

ሁለት ሙሉ የመስኖ ወቅት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ «መካኒክ ያሳዩት» ብል ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። ነገር ግን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሞተሩን በናፍጣ ሲያጥብ አይቼ ነበር፣ በስልክም ቪዲዮ ተመልክቻለሁ። የግብርና ባለሙያ ስትሆኑ ሰው ሁሉንም ነገር ይጠይቃችኋል፤ «አላውቅም» ማለት ደግሞ ያሳፍራል። «በናፍጣ እንጠበው» አልኳቸው።

አሮጌውን ዘይት አፈሰስን። በቦታው ግማሽ ሊትር ናፍጣ ጨምረን ሞተሩን አስነሳነውና አሥር ደቂቃ ያህል አሠራነው። ስናፈሰው ጥቁር እድፍ ይዞ ወጣ። በጣም ደስ አለን፤ እንዲያውም ደገምነው። ከዚያ ልጃቸው ከተማ ሄዶ ዘይት ገዝቶ መጣ፤ ከበርሜል ተቀድቶ በሃይላንድ የተሸጠለት። ምን ዓይነት ዘይት እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለውም። ባለሱቁ «የመኪና ነው፣ ምርጥ ነው» ብሎታል። ጨመርነው። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ለሰለሰ። እግዜር ይስጥልን ተባልኩ፣ ቡና ጠጥቼ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ። ውሃ እየሳበ ሳለ አንድ ጊዜ ቋ ብሎ ቆመ። ስደርስ ሞተሩ ጎኑ ተበስቷል፣ ዘይቱ መሬት ላይ ፈስሷል፣ እሳቸው እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ፓምፑን በባጃጅ ጭነን ወደ መካኒክ ወሰድነው። ሰውየው ከመፍታቱ በፊት የቀረውን ዘይት በጣቱ ነካ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሸው፣ አሸተተው። «ናፍጣ ገብቶበታል» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ከፈታው በኋላ አሳየን። ቤላው፣ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ክንድ ማለት ነው፣ ለሁለት ተሰብሯል። በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ቤላው አሉሚኒየም ነው፤ እንደ መኪና ሞተር ብሮንዚን ገብቶለት ሳይሆን ራሱ በቀጥታ ኮሎው ላይ ይዞራል። በሁለቱ መካከል ያለው መከላከያ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ ሲሳሳ አሉሚኒየሙ ኮሎው ላይ ይለጠፋል፣ ይይዛል፣ ይሰበራል። የተሰበረው ቁራጭ በዚያ ፍጥነት ሲወረወር ደግሞ የሞተሩን ጎን ይበሳል።

ናፍጣ እድፍ ይፈታል፣ እውነት ነው። ግን ቀጭን ነው፤ እንደ ዘይት ብረትን ከብረት ለይቶ አይዝም። እኛ እድፉ ሲወጣ እያየን ስንደሰት ውስጡ እየተፋቀ ነበር። ሁለተኛ፣ ስታፈሱት ሁሉም አይወጣም፤ ታች የቀረው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ሦስተኛ፣ የመኪና ሞተር ቆሻሻ የሚይዝ የዘይት ፊልትሮ አለው፤ ይህ ዓይነቱ የፓምፕ ሞተር ግን የለውም። ከግድግዳው ተፈትቶ ያልወጣው እድፍ ከዘይቱ ጋር እየዞረ ይፍቃል።

መካኒኩ ሌላም ጠየቀ፦ «ፓምፑ የት ነው የሚቀመጠው?» ወንዙ ዳር፣ ተዳፋት ላይ፣ ወደ ውሃው አዘንብሎ። ራሱን ነቀነቀ። እነዚህ ሞተሮች ዘይት የሚገፋ ፓምፕ ውስጣቸው የላቸውም። ቤላው ሥር ያለች ትንሽ ማንኪያ መሰል ነገር ዘይቱን እየቀዳች ወደ ላይ ትረጫለች፤ በቃ ያ ነው። ሞተሩ ሲያዘነብል ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ማንኪያዋ ባዶ አየር ትመታለች። የሚችለው ዝንባሌ እስከ 20 ዲግሪ ነው፤ የወንዝ ዳር ተዳፋት ደግሞ ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ከናፍጣው፣ ካልታወቀው ዘይትና ከተዳፋቱ የትኛው ብቻውን እንደሰበረው መለየት አይቻልም። ሁለቱ ግን የመጡት በእኔ ምክር ነው።

ማሳው አምስት ቀን ውሃ ሳያገኝ ቆየ። ከዚያ ጎረቤት ፓምፑን ማታ ማታ አዋሳቸው። ቆይተው አንድ ወይፈን ሸጠው አዲስ ፓምፕ ገዙ። ሽንኩርቱ ሲነቀል ኳሱ ትንንሽ ነበር፤ ነጋዴው አይቶ ዋጋውን ጣለው። እኔን የበላኝ ግን ሌላ ነው። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። «አንተ ምን አጠፋህ፣ ለኔው ብለህ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም ምንም አልጠየቁኝም።

አዲሱ ፓምፕ ሲገዛ ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን የመመሪያ ደብተር ይዤ ቁጭ አልኩ። የአሮጌውም ደብተር ለካ ቤታቸው ጣሪያ ሥር ተሰክቶ ኖሯል፤ ማንም አላነበበውም። ለዚህ ዓይነት ሞተር የሚለው ይህንን ነው፦ የሚይዘው ዘይት 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ፤ አዲስ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀየረው በ20 ሰዓት ሥራ፣ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ፣ ቀድሞ በደረሰው። በቀን አምስት ሰዓት ውሃ ከሳባችሁ 100 ሰዓት ማለት 20 ቀን ነው። እኛ ሁለት ወቅት ያህል ነው የነዳነው! እኔ እንዲያውም አቧራና ሙቀት ስለሚበዛበት በ50 ሰዓት ብትቀይሩት እመርጣለሁ።

የዘይቱ ዓይነት 10ደብሊው-30 ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚቀጥን ይናገራል፤ ሲያንስ በጠዋት ቶሎ ይደርሳል። ሁለተኛው ቁጥር ሞተሩ ሲግል የሚኖረው ውፍረት ነው። ቀጥሎ ሁለት የፈረንጅ ፊደል ፈልጉ። መጀመሪያው ኤስ ከሆነ ለቤንዚን ሞተር ነው፣ ሲ ከሆነ ለናፍጣ። ሁለተኛው ፊደል በፊደል ተራ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ደረጃ ነው ማለት ነው፤ ለዚህ ሞተር ኤስጄ ወይም ከዚያ በኋላ ያለ ይበቃል። አንዳንድ ዘይት ላይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ችግር የለውም። ፊደሉን ማንበብ ከከበዳችሁ የጀሪካኑን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። በሃይላንድ የተቀዳ ዘይት ግን ፎቶ ቢላክልኝም የምለው የለኝም፤ የተጣራ አሮጌ ዘይት ይሁን የማርሽ ዘይት በዓይን አይለይም። አንድ ሊትሩን የታሸገ ግዙ፣ የተረፈውን ክዳኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ለሚቀጥለው አስቀምጡ።

ታዲያ ዘይቱ ሬንጅ የሆነበት ሰው ምን ያድርግ? በዘይት ነው የሚታጠበው። ሞተሩን አምስት ደቂቃ አሠርታችሁ አጥፉት፤ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ እድፉን ይዞ ይወጣል። ደልዳላ ቦታ ላይ አፍስሱት፣ እስኪንጠባጠብ ታገሡ። ትክክለኛውን አዲስ ዘይት ጨምሩና ጥቂት ቀን፣ ከ10 እስከ 15 ሰዓት ያህል፣ እንደ ወትሮው ሥሩበት። ከዚያ እሱንም አፍስሳችሁ እንደገና አዲስ ጨምሩ። እድፉ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ሞተሩም አንድ ደቂቃ እንኳ ያለ ዘይት አይሠራም። ወጪው አንድ ተጨማሪ ቅያሪ ነው፤ 0.6 ሊትር። በልኩ የሚቀየር ሞተር ከነአካቴው መታጠብ አያሻውም።

መጠኑን ስትለኩ ፓምፑ ደልዳላ ላይ ይሁን፤ መለኪያ ያለውን ክዳን ጠርጋችሁ ሳታጠብቁ ብቻ አስገብታችሁ አውጡት። ማብዛቱም ጥሩ አይደለም፣ ጭስ ያመጣል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ምናልባት በአህያ ወይም በባጃጅ ስትጭኑት የነዳጁን ቧንቧ ሳትዘጉ ቀርታችሁ ወደ ታች ወርዶ ይሆናል። ሁለቱንም ሳታስነሱ ቀይሩት። መጥቆር ብቻውን ግን አያስደንግጣችሁ፤ በተለይ በናፍጣ ሞተር አዲስ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። ቀኑን የሚወስነው ሰዓቱ ነው።

ሞተር ሳይክል ያላችሁ ደግሞ የፓምፑን ትርፍ ዘይት እዚያ አትጨምሩ። በአብዛኛው ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮኑም የሚሠራው በዚያው ዘይት ውስጥ ነው፤ አንዳንድ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። ጃሶ ኤምኤ የሚል የተጻፈበትን ግዙ።

የፈሰሰውን አሮጌ ዘይት ቦይ ውስጥ እንዳትደፉት፣ ያው ውሃ ወደ ማሳችሁ ነው የሚሄደው። የአጥር እንጨት ለምስጥ እየቀባችሁበት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢያንስ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ለቆዳ ክፉ ነው።

እኚያ አባት አሁን ፓምፑን የሚያስቀምጡት ተዳፋቱን በአካፋ ቆርጠው ባስተካከሉት መደብ ላይ ነው። ባለፈው ጥር አንድ ፎቶ ላኩልኝ። የቤታቸው ግድግዳ ነው፣ በከሰል ጭረት ተሞልቷል፤ አንድ ጭረት አንድ ቀን ውሃ የተሳበበት፣ አሥር አሥሩ ተለይቶ። ከአሥረኛው ጭረት ጎን ልጃቸው «ዘይት» ብላ ጽፋለች። ይህንን ታሪክ ልጻፈው ወይ ብዬ ደወልኩላቸው። «ጻፈው፣ ስሜን ግን ተወው» አሉኝ። ስልኩን ሳይዘጉ ደግሞ «ወንድሜ 20ደብሊው-50 ገዝቶ መጥቷል፣ ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። ለዚህ ሞተር በጠዋት ብርድ ይወፍራል፣ ሳይከፍተው ይመልሰው አልኳቸው።