ከግንደወይን የገና ሜዳ

ግንደወይን፣ ታህሳስ 30 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ፣

ሥራውና የሜሪላንድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ልጅሽ ደህና ነው፤ የግራ እግሩ ቅልጥም ትንሽ አብጧል እንጂ የሚያሳስብ ነገር የለውም። የቅልጥሙን ነገር ከታች አጫውትሻለሁ። አስቀድሜ ያነሳሁት ከሌላ ሰው ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ስልኩ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ፤ ደግሞም ይሄ በሁለት ደቂቃ ስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣነው። ልጁ እስከ ጎሃ ጽዮን ተኝቶ መጣ፤ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ሲጀምር ቀሰቀስኩት። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። ህዳሴ ድልድይ ላይ ስንደርስ አሮጌውን ድልድይ ከጎኑ አሳየሁትና አዲሱ በጃፓን እርዳታ እንደተሠራ ስነግረው፣ «ጃፓኖች እኮ ቤዝቦል ላይ በጣም ጎበዞች ናቸው» አለኝ። ዓባይን እያየ ቤዝቦል ማሰቡ ገርሞኛል፤ ልጁ ለካ ጨዋታውን በልቡ ይዞት ነው የሚዞረው።

ደጀን ላይ የደብረ ማርቆስን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ከየትመን ጀምሮ እስከ ቢቸና ያለው አገር በዚህ ወቅት ማየት የሚገባ ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ አንዳንዱ አውድማ ላይ በሬ እየዞረ ይወቃል። ቢቸና ላይ ሽሮ በላን፣ ጾሙ ገና አልተፈታም ነበርና። የፍቅር እስከ መቃብሩ ዲማ ጊዮርጊስ በዚያው አካባቢ እንደሆነ ለልጁ ነገርኩት፤ መጽሐፉን አንድ ቀን በአማርኛ እንዲያነበው ቃል አስገብቼዋለሁ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ማርያምን ከመኪና ወርደን ተሳለምን። ከዚያ በኋላ ጮቄ በግራ በኩል እየታየን ግንደወይን ገባን።

አባባ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጁ ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ ቀና አድርገው አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ መዳፉን ገልብጠው አዩት። ከቤዝቦል ዱላው የተነሳ የጠነከረውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና፣ «ይሄ የምን ሥራ ነው?» አሉኝ።

ማታ እሳቱ ዳር ስላለፈው ሚያዝያ ውድድር የተረክኩላቸው በዚህ ምክንያት ነው። አንቺም አብረሽኝ ስለነበርሽ ታውቂዋለሽ፤ ለእሳቸው ግን ከሥሩ ማስረዳት ነበረብኝ። ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች በየዕድሜያቸው ተከፍለው እንደሚወዳደሩ፣ ውድድሩ «ፒች፣ ሂት ኤንድ ራን» እንደሚባልና የሜጀር ሊግ ቤዝቦል መሆኑን ነገርኳቸው። ልጁ ስድስት ኳስ በሰሌዳ ላይ ወደተሰመረ ሳጥን ይወረውራል፤ ቀጥሎ በዘንግ ጫፍ ላይ የተቀመጠችውን ኳስ ይመታና ርዝመቷም፣ ከመሃል መስመር አለመውጣቷም በሜትር ይለካል፤ በመጨረሻ ከሁለተኛው ቤዝ ተነስቶ ሦስተኛውን ረግጦ እስከ መነሻው ሲሮጥ ሰዓት ይያዝበታል። የሦስቱ ነጥብ ተደምሮ ያሸነፈው ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል።

አባባ ረጋ ብለው ሰሙኝና፣ «ለብቻው ነው የሚመታው?» አሉ።

«አዎ አባባ፣ ለብቻው።»

«ታዲያ ማን ይመክትበታል?»

«የሚመክት የለም። ሜትሩና ሰዓቱ ነው።»

ይሄ አላረካቸውም። ቀጥለው የልጆቹ ዕድሜ በምን እንደሚታወቅ ጠየቁኝ፤ በልደት ምስክር ወረቀት ነው አልኳቸው። ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ልጆች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ወረቀት የላቸውም። የኡጋንዳዎቹን ልጆች ታሪክ ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው። በፈረንጆቹ 1939 ካርል ስቶትዝ የሚባል ሰው ፔንሲልቬንያ፣ ዊልያምስፖርት ላይ ለሰፈሩ ልጆች የጀመረው ሊትል ሊግ ዛሬ የዓለም ውድድር ሆኗል። በፈረንጆቹ 2011 አንድ የኡጋንዳ ቡድን ለዚህ ውድድር አልፎ ነበር፤ በልጆቹ የዕድሜ ማስረጃ ላይ ጥያቄ ተነሳና ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። በዓመቱ ግን የሉጋዚ ልጆች ሄዱ፤ ከአፍሪካ ለዚያ ሜዳ የበቁ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። አንድ ጨዋታ ላይም የኦሪገንን ልጆች 3 ለ 2 አሸንፈው ተመለሱ። አባባ «እሰይ!» ብለው ተነሱና ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ የሚደርቀውን የገና ዱላ አወረዱ።

ዱላውን ብታዪው ትወጂዋለሽ። እርጥብ ወይራ ቆርጠው፣ በረመጥ አሙቀው፣ ጫፉን ቆልምመው በልጥ አስረውታል። እኛ ከመድረሳችን በፊት የልጁን ቁመት ሳያውቁ የሠሩት ስለነበር፣ ፊታቸው አቁመው ከወገቡ ጋር ለኩትና እጀታውን በቢላዋ ቀነሱለት። ልጁ ደግሞ ወዲያው በሁለት እጁ ይዞ ትከሻው ላይ ሰቀለው፣ ኳስ ሊመታ እንደቆመ ቤዝቦል ተጫዋች። የወንድሜ ልጅ ከት ብሎ ሳቀና ወደ መሬት አወረደለት።

በገና ዕለት ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አደርን። ጠዋት ዶሮው ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ዘመድ ሲወጣና ሲገባ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ መስኩ ወጣ። እህል ስለተነሳ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ወሰን ብሎ ነገር የለውም። ጎሉም በሁለት ወገን የተቆለለ ድንጋይ ነው።

ትልልቆቹ ከመግባታቸው በፊት አንድ ሽማግሌ በዱላቸው መሬቱ ላይ መስመር ጫሩና ልጆቹን በየተራ አስመቷቸው። የልጄን ቤዝቦል ሰምተው ይሁን ልማዳቸው ይሁን አልጠየቅኩም። ኳሳችን ሩሯ ከእንጨት ጉጥ የተጠረበች ናት፤ መሬት ላይ ትቀመጣለች እንጂ ዘንግ ላይ አትሰቀልም። ሩሯ በቆመችበት ቦታ ላይ የመታው ልጅ ጓደኛ ሄዶ ይቆማል፤ ምልክቱ ሰው ነው። የሚቀጥለው ከዚያ ልጅ ካለፈ፣ የቀደመው ምልክት እየሮጠ ይመለሳል።

የልጄ ተራ ደረሰ። የመጀመሪያው ምት በሩሯ አናት ላይ አለፈ፤ ዘንግ የለመደ ክንድ ነውና ከፍ ብሎ ሄደ። ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ ከአጥሩ ጀርባ ስቆም የተሰማኝ ዓይነት ነው፤ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨመደዳል። በዚያ ቅጽበት ከሰልፉ ውስጥ አንድ በዕድሜው የሚሆን እረኛ ልጅ ወጣና አጠገቡ ተንበረከከ። የልጄን ቀኝ እጅ ወደ ታች ስቦ አወረደው፣ ጉልበቱን በመዳፉ ገፍቶ አጎነበሰው፣ ከዚያ «አሁን በል» አለው። ተወዳዳሪው መሆኑን ልብ በይ! ልጄ መታ። ሩሯ ሣሩን እየላጨች ሄዳ ከብዙዎቹ አለፈች፤ ከእረኛው ልጅ ምት ግን አልደረሰችም። ሜዳው ሙሉ «ጎበዝ!» አለለት።

ቀጥሎ ቡድን ተከፈለ። አከፋፈሉን አንቺም ከድሮ ሰፈርሽ ታውቂዋለሽ፦ ሁለት ሁለት ልጆች ተቃቅፈው ራቅ ይሉና በሚስጥር ስም ይወጣሉ፣ አንዱ አንበሳ፣ ሌላው ነብር። ከዚያ ለቡድን አባቶቹ «አንበሳ ነው ነብር?» ይላሉ። የሚጣመሩት በቁመትና በጉልበት የሚመጣጠኑት ናቸው፤ ወረቀት የጠየቀ የለም። ልጄ ከዚያው እረኛ ልጅ ጋር ወጣና ነብር ሆኖ ለታች ቤት ቡድን ደረሰ። እረኛው በላይ ቤት ተመደበ።

አሁን ቅልጥሙ ጋ ደረስኩ። ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም አልቆየ፣ ሩሯ ከእግር መሃል ገብታ ስትጠፋ ዱላ ሁሉ ወደዚያ ወረደ፤ አንዱ ልጄን አገኘው። ተቀመጠ። እኔ አንድ እርምጃ ስራመድ አባባ ክርኔን ያዙኝ። «ተወው፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አሉኝ። ማን እንደመታው አላየሁም፣ የጠየቀም የለም። አንድ የማላውቀው ሰውዬ አጎንብሶ ቅልጥሙን ዳሰሰና «አልተሰበረም፣ ተነስ የኔ ሸጋ» አለው። ልጁ ተነሳ። ትንሽ አነከሰ፣ ከዚያ ሮጠ።

አንቺን በዓይኔ ስፈልግሽ የነበረው ከዚያ በኋላ ባለው ሰዓት ነው። እዚያ ሜዳ ላይ የወላጅ ቦታ የሚባል የለም። ሜሪላንድ ላይ ተጣጣፊ ወንበር አለን፣ አጥር አለን፤ እያንዳንዱ ወላጅ የሚያየው የራሱን ልጅ ነው፣ ልጁም ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ዞሮ የሚያየው የወላጁን ፊት ነው። እዚህ ተመልካቹ ከሩሯ ጋር ወዲህና ወዲያ ይሮጣል። የትኛው ሰው የየትኛው ልጅ አባት እንደሆነ ለመለየት ብሞክር አልቻልኩም፤ ሁሉም ሁሉንም ይቆጣል፣ ሁሉም ሁሉንም ያበረታታል። ልጄን በአባባ ስም የእሳቸው የልጅ ልጅ እያሉ ነበር የሚጠሩት፤ እኔን ያነሳኝ የለም። እሱም ወደ እኔ ዞሮ አላየም። ይሄን የምነግርሽ ደስ ብሎኝ ነው። ዓይኑ ከሩሯና ከጓደኞቹ አልወጣም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ላይ ቤቶች አንድ ጠንካራ ምት ወደ እኛ ድንጋይ ላኩ። ሩሯ ነጥራ ተነሳች። ሌሎቹ ወደኋላ ሲሉ ልጅሽ ግን መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ስንት ዓመት ሙሉ የተለማመደ ነውና፣ ነጥራ የምትወርድበትን አስቀድሞ አይቶ ዱላውን አጋደመላት። አቆማት። ዞሮም ወደ መሃል ላካት። አባባ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ጥለው «መከተ!» ብለው ጮኹ። ያን ማታ የጠየቁኝ ጥያቄ መልስ አገኘ። ታች ቤት ግን ተሸንፏል፤ ሲጨልም ሁለቱም ወገን ተደባልቆ እየዘፈነ ወደ ከተማው ተመለሰ።

ዛሬ ጠዋት እረኛው ልጅ ከብቶቹን ይዞ በበራችን ሲያልፍ ልጄ ዱላውን አንስቶ ተከትሎት ወጣ፤ ይሄን ስጽፍ ገና አልተመለሰም።

የሚያዝያውን ውድድር አልንቅም። ልጁ እዚያ መስመር ላይ ለብቻው መቆምን፣ ስድስት ኳስ በጸጥታ መወርወርን ተምሯል፤ ትናንት ሩሯን ያስቆመውም ያ ልምምድ ነው። ነገር ግን ሜትርና ሰዓት የማይሰጡት አንድ ነገር አለ፦ በሌሎች ልጆች መመረጥ፣ ለእነሱ መመከት፣ የተወዳደርከው ልጅ ጎንበስ ብሎ እጅህን ሲያስተካክልልህ ማየት። ልጃችን ይሄኛውንም እንዲያገኝ እፈልጋለሁ። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደጉ ሌሎች ልጆቻችንም እንዲሁ። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን አገር ውስጥ ገናን ከትግልና ከገበጣ ጋር ያወዳድራል፤ እኛ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ በፈረንጆቹ ከ1984 ጀምሮ የስፖርት ፌዴሬሽን አለን፣ በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ አገር ያህል ሰው ይሰበሰባል። ከእግር ኳሱ ጎን ለልጆች የአንድ ከሰዓት የገና ጨዋታ ቢኖር የሚጎዳው ማን ነው? አንቺ ከእኔ ይልቅ የምታውቂያቸው ሰዎች አሉ፤ እባክሽ አንሺላቸው። ለአሰልጣኙም ደውለሽ ቅልጥሙ እስኪሽር የቤት ውስጥ ልምምድ ላይ እንደማይገኝ ንገሪልኝ።

ሌላው፦ የሚመጣው ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ገና ታህሳስ 28 ነው የሚውለው፤ በፈረንጁ ግን ያው ጃንዋሪ 7፣ ማክሰኞ ነው። አባባ አንቺንም ይዤሽ እንድመጣ አደራ ብለውኛል። የሥራ ፈቃድሽን ከአሁኑ ጠይቂ።

አክባሪ ባለቤትሽ