የጉማሬዋ መንገድ

ዓባይ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ባሕር ዳር ላይ ነው። ከከተማው ወረድ ሲሉ ወንዙ ሰፋ ብሎ፣ ረጋ ብሎ ይሄዳል። ዳር ዳሩ ደንገልና ሾላ ነው። የአጎቴ ማሳም እዚያው ነው።

አንድ ዓመት በጥቅምት ልጠይቃቸው ሄድኩ። አጎቴ ማማ ላይ ሆነው በቆሎ ሲጠብቁ ያድራሉ። እኔ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ጉማሬ ለማየት ጓጉቼ ነበር።

«ቆይ እንጂ፤ ፀሐይ ትውጣ» አሉኝ ከማማው ላይ። የከተማ ሰው ነኝና አልሰማሁም።

የወንዙ ዳር መንገድ ሰፊ ነበር። እንደ ጋሪ መንገድ ግራና ቀኙ ጎድጉዶ፣ መሐሉ ከፍ ብሏል። ጥቁርና ነጭ የሆነ ትንሽ ወፍ ከውሃው በላይ ባንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል። ድንገት እንደ ድንጋይ ወደቀ። ሲነሣ በአፉ ዓሣ ይዟል። ሾላው ላይ ጉሬዛዎች ረጅም ጭራቸውን ቁልቁል ለቀው ቅጠል ይበላሉ። ቆሜ ሳይ፣ ሳይ ቆየሁ።

አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ለካ አጎቴ ተከትለውኛል።

«ይህን መንገድ ማን የሠራው ይመስልሃል?» አሉኝ በሹክሹክታ። ወደ መሬት አሳዩኝ። እርጥቡ አፈር ላይ ከመዳፌ የሰፋ ኮቴ አለ። አራት ጣት አለው።

«ጣቱ ወዴት ያያል?»

«ወደ ማሳው።»

«ወደ ውሃው የተመለሰ ኮቴስ አየህ?»

ፈለግሁ። አንድም የለም።

«እንግዲያው ገና አልተመለሰችም። አንተ በእሷና በውሃው መሐል ቆመሃል።»

እናንተ ወንዝ ዳር የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ። ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ፀሐይ ቆዳውን ያደርቅበታላ። ማታ ወጥቶ ሣር ይግጣል። አንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ይበላል። ሰው ለመብላት አይፈልግም። ነገር ግን ወደ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ የዘጋበትን አይምርም። ያ ሁሉ ሥጋ ሲሮጥ ደግሞ ሰው አያመልጠውም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

ከመንገዱ ወጥተን ከትልቅ ሾላ ኋላ ተጠጋን። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ብዙም ሳይቆይ እንደ ወናፍ ያለ ትንፋሽ ሰማን። ከበቆሎው ውስጥ ወጣች። አሥር እርምጃ ያህል ርቃ አለፈች። ከኋላዋ ጥጃ የሚያህል ልጇ ይከተላታል። ደንገሉ ተንኮሻኮሸ፤ ውሃው ተከፈለና ተዘጋ።

ወደ ማሳው ሄድን። ሦስት መደዳ በቆሎ ረግፏል። አጎቴ ያን የመሰለ እሸት ሲያዩ ረገሟት። ለከርሞ በማሳው ዳር ጥልቅ ቦይ እንደሚቆፍሩ ነገሩኝ፤ ጉማሬ ቦይ መዝለል አይችልም። እኔ ለመቆፈር እንደምመጣ ቃል ገባሁ።

ከዚያ ዞር ብለው ወደ ወንዙ አዩ። ውሃው ላይ ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች፣ አጠገባቸውም ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ብቅ ብለዋል።

«ልጅ ይዛ ነው ለካ» አሉ። ገመዳቸውን አንሥተው የተሰበረውን አገዳ ለላሞቻቸው ያስሩ ጀመር።