ስለ አንድ ዓመት ስጦታና ስለ አራት ዓመት ተስፋ

ዕውቀት ከወርቅና ከብር የሚበልጥ ገንዘብ ነው፤ ወርቅን ሌባ ይወስደዋል፣ ዕውቀትን ግን የሚወስድ የለም። ሆኖም ዕውቀት ወደሚገኝበት ቤት የገባውን ሰው መንገዱ ሳይፈጸም ከደጅ የሚመልስ አሠራር አለ።

በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎችን የስፖርት ውድድር የሚመራው ብሔራዊ ማኅበር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973፣ ለተጫዋቾች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ከአንድ ዓመት እንዳያልፍና በየዓመቱ እንዲታደስ ደነገገ። ከዚያ በኋላ ለወጣቱና ለወላጆቹ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአራት ዓመት ትምህርት ሲሆን፣ በወረቀቱ የሚጻፈው የአንድ ዓመት ብቻ ሆነ። ነገሩ እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ትምህርት፣ ወርቁ ጉልበት። ጉልበቱ የተሰበረ ዕለት ወርቁ ይገለጣል፤ ስጦታው ሳይታደስ ይቀርና ወጣቱ ወይ በብድር ይማራል፣ ወይ አቋርጦ ይወጣል።

በ2010 በቴክሳስ ይጫወት የነበረ አንድ ተማሪ ማኅበሩን በዚህ ነገር ከሰሰ። የይግባኝ ዳኞች በ2012 ክሱን ውድቅ ያደረገውን ፍርድ አጸኑ። የመረመሩት ግን የንግድ ውድድርን ሕግ እንጂ የኅሊናን ሕግ አልነበረም። በዚያው ዓመት፣ ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ስጦታ የሚፈቅደው አዲስ ደንብ እንዲሻር ድምፅ ከሰጡት ከመቶ 62 የሚበልጡት ፈለጉ፤ ለመሻር ከመቶ 62.5 ያስፈልግ ነበርና ደንቡ ለጥቂት ዳነ። በ2015 ደግሞ አምስቱ ባለጸጋ የውድድር ማኅበራት በጨዋታ ድካም ምክንያት ስኮላርሺፕ እንዳይነሣ ወሰኑ።

ስጦታውን የሚነሡት ምክንያት አላቸው፤ ቍጥሩ የተወሰነ ነውና የማይጫወተው ቦታ ከያዘ ሌላው ብርቱ ድኻ በውጭ ይቀራል ይላሉ። ይህ ቃል ባዶ አይደለም። ነገር ግን ከሜዳ ማሰናበትና ከትምህርት ገበታ ማሰናበት ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። ትምህርቱን የናቀ ወይም ሕግ ያፈረሰ ስጦታው ቢነሣበት በገዛ እጁ ነው፤ በሜዳ ሲያገለግል የተጐዳው ግን ምን በደለ? ለሁለተኛው ድኻ መራራት በፊተኛው ድኻ ኪሣራ ከሆነ ምጽዋት አይባልም።

ኦሪት የሚያበራየው በሬ እንኳ ከእህሉ እንዳይከለከል ታዝዛለች። ሰውማ እንዴት ይልቅ! ስለዚህ አራት ዓመት ብሎ የተናገረ አራት ዓመት ብሎ ይጻፍ፤ አንድ ዓመት ብቻ የሚሰጥም በእናቱና በአባቱ ፊት አንድ ዓመት ብሎ ይናገር።